ለመጀመሪያው ሙከራ የትኛው ቦርድ? ኡኖን፣ ኢኤስፒ32ን እና ፒኮን በአንድ ሮቶ መመዘን

«ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ከሚሰበሰቡት ልጆች አንዷ ይህን ስትጠይቀኝ በስልኳ ላይ ሦስት ሥዕሎች ከፍታ ነበር። ሰማያዊው አርዱይኖ ኡኖ፣ ጥቁሩ ኢኤስፒ32 እና አረንጓዴው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ናቸው። ከሥራቸው ቁጥር ተደርድሯል፤ ኡኖ 16 ሜጋኸርትዝ፣ ፒኮ 133፣ ኢኤስፒ32 ደግሞ 240። በቁጥር ከተሄደ ውድድሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄዋን በጥያቄ መለስኩላት፤ «መጀመሪያ ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ቤታችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ስለሆነ ማለቁን የምናውቀው ቧንቧው ሲደርቅ ነው። ቀድሞ የሚነግረን ነገር መሥራት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ለድሬዳዋ ሰው ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሙከራ አላውቅም። መለካት አለበት፣ መወሰን አለበት፣ ማሳወቅም አለበት፤ የማይክሮኮንትሮለር ሥራ በሙሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። ስለዚህ ቦርዶቹን እዚህ የማወዳድረው በእሷ ሮቶ ነው።

መመዘኛዬ

ማይክሮኮንትሮለር በአንድ ቺፕ ውስጥ የተጠቀለለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ማስሊያው፣ ማስታወሻውና ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት እግሮቹ አንድ ላይ ናቸው። እግሮቹን ፒን እንላቸዋለን። ፒን ላይ ገመድ ሲሰካ ደግሞ ስህተት ይመጣል። ጀማሪ አዎንታዊውን ከአሉታዊው ያገናኛል፣ 12 ቮልት 5 ቮልት በሚፈልግ ቦታ ይሰካል፣ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ይረሳል። ይህ ነውር የለበትም፤ እጅ የሚሠለጥነው በዚህ መንገድ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚራም የተቆረቆረው ያኔ ነው። በባቡሩ ጋራዥ የሠሩ የሰፈራችን አዛውንቶች ስለ ልጅነታቸው ሲያወጉኝ ሁልጊዜ የሚያነሡት ያበላሹትን ዕቃ ነው፤ የተበላሸውን ፈትቶ መግጠም የተፈቀደለት ተለማማጅ ቶሎ ባለሙያ ይሆን ነበር።

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያ ቦርድ ስመርጥ ከፍጥነቱ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ተማሪው ሲሳሳት ቦርዱ ምን ይሆናል? ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሴንሰር (መለኪያ ዕቃ) ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይሠራለታል? ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ትምህርቱ ይቀጥላል?

ቻዩ ኡኖ

አርዱይኖ የተጀመረው በ2005 እንደ ጎርጎርሳውያን ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ ነው። የታሰበውም የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ለሌላቸው የዲዛይን ተማሪዎች ነበር፤ ይህ አሳቢነት እስከ ዛሬ በቦርዱ ላይ ይታያል። የኡኖ ልብ አትሜጋ 328ፒ የተባለ ባለ 8 ቢት ቺፕ ነው። ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለሥራ ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ አለው። ትንሽ ይመስላል፤ የሮቶው ፕሮግራም ግን ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው። 14 ዲጂታል ፒኖችና 6 የአናሎግ (የቮልት መጠን የሚያነቡ) መግቢያዎች አሉት፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

የኡኖ ትልቁ ጥቅም በ5 ቮልት መሥራቱ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሴንሰሮች የተሠሩት ለ5 ቮልት ነው። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ለምሳሌ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይልክና ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይሰጣል፤ የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል። ከኡኖ ጋር በአራት ገመድ ተገናኝቶ ወዲያው ይሠራል፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጥቅም ስህተት መቻሉ ነው። አንድ ፒን ያለ ጭንቀት የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ የመጨረሻው ጣሪያ 40 ነው። ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ሲያበሩ 220 ኦም ሬዚስተር በመሃል ከገባ የሚያልፈው ወደ 14 ሚሊአምፔር ነው። ሬዚስተሩ ቢረሳ እንኳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰዋው ኤልኢዲው ነው። ታዲያ ቺፑ ራሱ ቢቃጠልስ? ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከአሮጌ አዳፕተር የመጣ 12 ቮልት በቀጥታ ፒን ላይ ሰካ። ጭስ አልነበረም፤ ቦርዱ ዝም አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲነሣ ጠፍጣፋ መፍቻ አቀበልኩት። ባለ 28 እግሩን ቺፕ ከመሰኪያው ቀስ አድርጎ ነቀለና አዲስ ሰካበት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ነገር ለመፍታት አይፈራም።

ይህ ግን የሚሆነው መሰኪያ ባለው ኡኖ ብቻ ነው። ቺፑ ትንሽ ካሬ ሆኖ በቦርዱ ገጽ ላይ የተበየደበት ዓይነትም አለ፤ ዋጋው ቅናሽ ስለሆነ ያታልላል። ለመማር የምትገዙ ከሆነ ረጅሙን፣ በመሰኪያ የተቀመጠውን ቺፕ ፈልጉ። ትርፍ ቺፕ ስትገዙ ደግሞ ቡትሎደር (ኮድ በዩኤስቢ ለመቀበል የሚያስችለው ትንሽ ፕሮግራም) የተጫነበት መሆኑን ጠይቁ፤ ካልተጫነበት በሌላ ኡኖ መጫን ይቻላል፤ እሱም ራሱ መልካም ትምህርት ነው።

የኡኖን ጥልቀት የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልጨምር። ኤልኤም35 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። በግንቦት የድሬዳዋ ጥላ 35 ዲግሪ ሲሆን 350 ሚሊቮልት ይወጣል። ኡኖ 5 ቮልትን 1024 ቦታ ስለሚከፍል የሚያነበው ወደ 72 ነው፤ አንዱ ደረጃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሆናል። ልጆቹ ንባቡ ለምን በግማሽ ዲግሪ እንደሚዘል ሲጠይቁ በአንድ መስመር ትእዛዝ የመለኪያውን ጣሪያ ከ5 ወደ 1.1 ቮልት እናወርደዋለን። ያው ሙቀት አሁን 326 አካባቢ ይነበባል፤ ደረጃውም ወደ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ይጠራል። ሽቦው አልተነካም፣ ሴንሰሩም አልተቀየረም። መለኪያ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ዋይፋይም ብሉቱዝም የለውም። ውሃ ማለቁን ለስልክ መንገር አይችልም፤ በመብራት ወይም በድምፅ ነው የሚናገረው።

ኃይለኛው ኢኤስፒ32

የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ይህን ቺፕ ያወጣው በ2016 እንደ ጎርጎርሳውያን ነው። ሁለት ማስሊያዎች፣ 520 ኪሎባይት የሥራ ማስታወሻ፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አንድ ላይ ይዟል። የዋጋውን ያህል ብዙ የሚሰጥ ሌላ ቦርድ አላየሁም። ለሮቶው ሥራም የመጨረሻው መልስ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በተለይ አንድ ችሎታው ለከተማችን ተስማሚ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም የራሱን ዋይፋይ ፈጥሮ ስልክ ላይ ትንሽ ገጽ ይከፍታል። ስልኩ ከቦርዱ ጋር ይገናኝና የውሃው መጠን በመቶኛ ይታያል። የኔትወርክ መቆራረጥ አይነካውም።

ሆኖም ለጀማሪ ወጥመድ የበዛበት ነው። ፒኖቹ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ሲገባባቸው ይጎዳሉ። እኔው ራሴ ስቸኩል ያን የርቀት ሴንሰር በቀጥታ አገናኘሁት። ሁለት ቀን በደንብ ሠራ፣ በሦስተኛው ቀን ፒኑ ዝም አለ። አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው ቢቃጠል ኖሮ ምክንያቱን አውቅ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ኢኮ ከተባለው የሴንሰሩ እግር 1 ኪሎ ኦም፣ ከእሱ ወደ መሬት መስመር 2 ኪሎ ኦም አድርጋችሁ መካከላቸውን ወደ ቦርዱ ብትወስዱት 5 ቮልቱ 3.3 ይሆናል። ግን ይህን ለማወቅ ቮልቴጅ በሬዚስተሮች መካከል እንዴት እንደሚከፈል መረዳት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የሁለተኛው ወር ትምህርት ነው።

ሌላም አለ። ዋይፋይ ሲሠራ አዲሲ2 ከተባለው ቡድን የሆኑት የአናሎግ ፒኖች አይነበቡም፤ ጀማሪው ኮዱን ሲመረምር ያመሻል፣ ኮዱ ግን ትክክል ነው። ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች መግቢያ ብቻ ስለሆኑ ኤልኢዲ አያበሩም። ዋይፋዩ መልእክት ሲልክ ለአፍታ ብዙ መቶ ሚሊአምፔር ይስባል፤ የዩኤስቢ ገመዱ ቀጭን ወይም ቻርጀሩ ደካማ ከሆነ ቦርዱ ራሱን እያጠፋ ይነሣል። በአርዱይኖ ሶፍትዌር ለመጠቀም ደግሞ የሚወርደው ጥቅል ከባድ ነው፤ በመቶዎች ሜጋባይት ይቆጠራል። ላፕቶፓችሁን ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አንድ ጊዜ ጫኑት፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ስለ ውሃ ሲነሣ ልጆቹ ሁልጊዜ ደቻቱን ያነሣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን ወስዷል፤ እነዚህ ልጆች ያኔ አልተወለዱም፣ ታሪኩን ግን በየቤታቸው ሰምተዋል። ጎርፍ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ለመሥራት ይመኛሉ። ምኞቱን አከብራለሁ፣ አበረታታዋለሁም። ነገር ግን የቤት ዋይፋይ እስከ ወንዙ ዳር አይደርስም፤ በሲም ካርድ የሚሠራ ሞጁል ያስፈልጋል፤ የተለመደው ሲም800ኤል መልእክት ሲልክ ለአፍታ እስከ 2 አምፔር ይጠይቃል። የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት መሣሪያ በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ገመድ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ በተሰካ ገመድ እንዳይታመን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ለመማር ይሥሩት፤ ለማስጠንቀቂያ ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል።

ፒኮ፣ ለፓይተን ወዳጆች

ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በጥር 2021 እንደ ጎርጎርሳውያን በ4 ዶላር ዋጋ ወጣ፤ ዋይፋይ ያለው ፒኮ ደብልዩ በ2022 ተከተለ። ከኡኖ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ 264 ኪሎባይት የሥራ ማስታወሻ አለው። ከሁሉ የምወድለት ግን በማይክሮፓይተን (ለማይክሮኮንትሮለር በተዘጋጀው የፓይተን ቋንቋ) መማር ቀላል መሆኑ ነው። ቁልፉን ተጭናችሁ ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙት እንደ ፍላሽ ይከፈታል፤ አንድ ፋይል ጎትታችሁ ትጥላላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ ቶኒ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ መስመር ስትጽፉ ቦርዱ ወዲያው ይመልሳል። መብራት እንዲያበራ ስታዙት ያበራል፤ ኮዱ እስኪተረጎምና እስኪጫን መጠበቅ የለም። ስህተት ሲኖር በስንተኛው መስመር እንደሆነ ይነግራል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓይተን የጀመረ ተማሪ ካለ ያለ ማመንታት ፒኮን እመክረዋለሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። እሱም 3.3 ቮልት ስለሆነ ስለ ሁለቱ ሬዚስተሮች የተናገርኩት በእሱም ይሠራል። ተራው ፒኮ ደግሞ የሚመጣው ፒኖቹ ሳይበየዱ ነው። በእጃችሁ ካውያ ከሌለ፣ ወይም ጥቃቅን ብየዳ ካልለመዳችሁ፣ ፒኑ የተበየደለትን ጠይቃችሁ ግዙ፤ አለዚያ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወስዳችሁ አስበይዱት። 40 እግሮች ናቸው፤ ለመጀመሪያ ብየዳ ብዙ ነው።

ሌሎቹ ባጭሩ

ማይክሮቢት በ2016 እንደ ጎርጎርሳውያን በእንግሊዝ ለትምህርት ቤት ልጆች የተዘጋጀ ነው። 25 ትናንሽ መብራቶች፣ ሁለት ቁልፎችና እንቅስቃሴ የሚያውቅ ሴንሰር በላዩ አሉ፤ ያለ አንድ ገመድ ትምህርት ይጀመራል። ልጃችሁ ከ12 ዓመት በታች ከሆነ የተሻለ ምርጫ የለም። ለትልልቆቹ ግን ሁሉም ነገር ተሠርቶ ስለሚመጣ እጃቸው ሽቦ ሳይነካ ይቀራል።

ናኖ የኡኖ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቺፑ ያው፣ ብሬድቦርድ ላይ የሚሰካ። ቺፑ ግን የተበየደ ነው፣ ሲቃጠል አብሮ ይጣላል። ኤስቲኤም32 ያለበት ሰማያዊው ትንሽ ቦርድ ኃይለኛ ነው፤ ፕሮግራም ለመጫን ተጨማሪ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

ምንም ለመግዛት ገንዘብ ያልተዘጋጀለት ተማሪ ቲንከርካድ ወይም ዎክዊ በተባሉት ነፃ ገጾች በኮምፒውተር ላይ ኡኖን አስመስሎ መሥራት ይችላል። ኮዱን ለመማር በቂ ነው። የላላ ገመድና የሞተ ባትሪ ግን እዚያ አይገኙም፤ ከእነሱ የሚገኘውን ትምህርት እጅ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ለማን የትኛው

ፕሮግራምም ኤሌክትሮኒክስም ለማያውቅ፣ መሰኪያ ያለው ኡኖ። ቢያንስ ሦስት ወር አብራችሁ ቆዩ። ፓይተን ለሚያውቅ ወይም ኮድ እስኪተረጎም መጠበቅ ለሚሰለቸው፣ ፒኮ። አንድ ዓመት ያህል ሽቦ የነካ፣ መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) የሚያነብ፣ ቤቱን ከስልኩ ጋር ማገናኘት የፈለገ ሰው በቀጥታ ኢኤስፒ32 ይግዛ፤ ኡኖ ያዘገየዋል። ኮምፒውተር የሌለው አንድሮይድ ስልክ ካለው አርዱይኖድሮይድ በሚባለው መተግበሪያና ቦርዱን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው ኦቲጂ ገመድ ኡኖን ማዘዝ ይችላል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ግን አልመክርም፤ በዚያ ገንዘብ አንድ ቦርድ፣ ብሬድቦርድ፣ ሬዚስተሮች፣ ሁለት ሴንሰርና መልቲሜትር ብትገዙ እጅግ ትጠቀማላችሁ። መልቲሜትር የሌለው ጀማሪ በጨለማ የሚዳብስ ሰው ነው።

ስትገዙ ቦርዱን እዚያው አሰክታችሁ እዩ። ብዙ የስልክ ገመዶች ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየው ቦርዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ። ርካሾቹ ኡኖና ናኖ ሲኤች340 የተባለ መገናኛ ስላላቸው ለእሱ የሚሆነው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ሊኖርበት ይችላል። ናኖ ፕሮግራም አልቀበልም ካለ ከምርጫው ውስጥ «አሮጌው ቡትሎደር» የሚለውን ሞክሩ። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ መሥራት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግን ቦርዱ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ስልኩ የሞላ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከቤት 220 ቮልት ጋር በሪሌ (በቦርዱ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚገናኝ ማንኛውንም ነገር ደግሞ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር አትንኩ። የውሃ ፓምፑን ማስነሣት የሚያጓጓ ቢሆንም ይቆየን።

ልጅቱ ኡኖን መረጠች። ሴንሰሩ በሮቶው እንፋሎት እንዳይዝግ ውሃ የማያስገባውን ጄኤስኤን የተባለውን ዓይነት ወሰድን፤ ከ20 ሴንቲሜትር በታች ስለማያይ ከውሃው ከፍታ በላይ ራቅ አድርገን ገጠምነው። ቦርዱ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሮቶው ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ሦስት ኤልኢዲዎች በገመድ ወርደው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ ተጨንቃለች። በጠዋት በእንጨት ስትለካ ከሴንሰሩ እስከ ውሃው አንድ ሜትር ነው፤ መሣሪያውም አንድ ሜትር ይላል። ቀትር ላይ ማንም ውሃ ሳይጨምር መሣሪያው 96 ሴንቲሜትር ተኩል ይላል። «ተበላሽቷል?» አለችኝ። አልተበላሸም። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል፤ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር የሚሄደው በ40 ዲግሪ ወደ 355 ሜትር ይጠጋል። ድምፁ ቶሎ ስለሚመለስ ቦርዱ ውሃው የቀረበ ይመስለዋል። ኤልኤም35ን ከሳጥኑ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርኩላት። አሁን በረንዳው ጥግ ተቀምጣ በዜሮ ዲግሪ ባለው የድምፅ ፍጥነት፣ በ331.3 ላይ፣ ሙቀቱን በ0.606 አባዝታ የምትደምር መስመር እየጻፈች ነው።